ታይፕ ባለው ቋንቋ ወድቆ የሚነሳ ሲስተም እንዴት ይሠራል?

የባቲ ገበያ ሰኞ ነው የሚቆመው። አፋሩ ግመሉን ይዞ ከቆላው ይመጣል። አማራውና ኦሮሞው ከደጋው እህሉንና ፍየሉን ይዞ ይወርዳል። ደሴና ኮምቦልቻ የተቀመጠ ነጋዴ ደግሞ ስልኩን አንስቶ «ፍየል ዛሬ ስንት ዋለ?» ይላል። የዚህ መመሪያ ምሳሌ እሱ ነው። ከየገበያው አጭር የስልክ መልእክት የሚቀበል፣ ዋጋውን የሚመዘግብና ለጠየቀ የሚመልስ ሲስተም እንሠራለን።

ሲያዩት ቀላል ነው። ግን ሰኞ ረፋድ ላይ መልእክቱ ባንዴ ይጎርፋል። ኔትወርክ ይሄዳል። መብራት ይጠፋል። አንዱ ላኪ «ፍየል 7000» ሲል ሌላው «ሸጋ ፍየል ሰባት ሺ፣ አብሽሩ» ብሎ ይጽፋል። ከባቲ የመጣ አንድ የተበላሸ መልእክት የወልዲያን ዋጋ ይዞ መውደቅ የለበትም። ይሄን ሁሉ ደግሞ የምንጽፈው ኮምፓይለሩ እያንዳንዱን ታይፕ ቀድሞ በሚያጣራበት ቋንቋ ነው። ታይፕ ማለት የመረጃው ዓይነት ነው፦ ቁጥር፣ ጽሑፍ፣ ዝርዝር። ኮምፓይለር ደግሞ ኮዳችንን ማሽን ወደሚያሮጠው መልክ የሚቀይረው ፕሮግራም ነው።

ወድቆ መነሳትን ያስተማረን ኤርላንግ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ጆ አርምስትሮንግ፣ ሮበርት ቪርዲንግና ማይክ ዊሊያምስ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ስዊድን ውስጥ በኤሪክሰን ቤተ ሙከራ ጀመሩት። ሥራው የስልክ ማዞሪያ ነበር። አንድ ጥሪ ቢበላሽ ያ ጥሪ ብቻ ይቋረጥ፣ የሌላው ሰው ወሬ ይቀጥል ነው ነገሩ። እ.ኤ.አ. በ1998 ኮዱ ለሁሉም ተከፈተ። ዋትስአፕም የቆመው በሱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በአንድ ሰርቨር ከ2 ሚሊዮን በላይ ግንኙነት እንደያዙ መሐንዲሶቹ ጽፈዋል።

ኤርላንግ የጎደለው ነገር ቢኖር ታይፕ ነው። ሳይሞከር ቀርቶ አይደለም። ሳይመን ማርሎውና ፊሊፕ ዋድለር እ.ኤ.አ. በ1997 ለኤርላንግ የታይፕ ሲስተም አቅርበው ነበር። ትልቁ ክፍተቱ ግን እዚያው ዋናው ቦታ ላይ ነበር፦ ፕሮሰሶች (ጎን ለጎን የሚሮጡ፣ ሜሞሪ የማይጋሩ ትንንሽ ሥራዎች) እርስ በርስ የሚላላኩትን መልእክት አያጣራም። ዛሬ ይሄን ክፍተት በደንብ ከሞሉት አንዱ ግሊም ነው። ሉዊስ ፒልፎልድ የጀመረው ቋንቋ ነው፤ 1.0 የወጣው በመጋቢት 2024 (እ.ኤ.አ.) ነው። የሚሮጠው ኤርላንግ በሚሮጥበት ማሽን ላይ ነው፤ ማሽኑ ራሱ ሶፍትዌር ነው፣ ቢም ይባላል። ኮዳችን በሱ ይሁን።

መጀመሪያ፦ የትኛው ስህተት የማን ነው?

ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ወረቀት አውጡና ሊበላሽ የሚችለውን ሁሉ ዘርዝሩ። ከዚያ እያንዳንዱን ከሦስት ቦታ ባንዱ አስቀምጡ። ይሄን ደረጃ የሚዘል ሰው በኋላ ሁሉንም ነገር በሁሉም ቦታ ሲከላከል ይውላል።

አንደኛው ቦታ ኮምፓይለሩ ነው። ፕሮግራሙ ሳይነሳ ሊታወቅ የሚችል ስህተት ሁሉ እዚህ ይግባ። የጤፍ ዋጋ በኩንታል ነው ወይስ በኪሎ? ሁለቱም ተራ ቁጥር ከሆኑ አንድ ቀን ይቀላቀላሉ፤ ልዩነቱ መቶ እጥፍ ነው። ለእያንዳንዱ የራሱን ታይፕ ስጡት። ብርን በነጥብ ቁጥር አትያዙ፤ በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር ያዙት።

ሁለተኛው «ውጤት» የሚባለው ታይፕ ነው። ወይ የተሳካ ነገር ይይዛል፣ ወይ ስህተት። የሚጠበቅ ችግር ቦታው እዚህ ነው። ላኪው ዋጋ ሳይጽፍ «ፍየል» ብቻ ብሎ ቢልክ ይሄ ብልሽት አይደለም፤ የሰው ልጅ ነው። መልስ ይሰጠዋል።

ሦስተኛው መውደቅ ነው። ይሆናል ብላችሁ ያላሰባችሁት፣ ቢሆንም እዚያው ቆማችሁ ልታስተካክሉት የማትችሉት ነገር። ፕሮሰሱ ይሙት፣ ሱፐርቫይዘሩ (ሌሎች ፕሮሰሶችን የሚጠብቅና ሲወድቁ የሚያስነሳ ፕሮሰስ) በንጹሕ ሁኔታ ያስነሳው። ግሊም የወደቀን ነገር መንገድ ላይ የሚቀልብ ትእዛዝ በቋንቋው ውስጥ የለውም። እኔ ይሄን እወደዋለሁ፤ ብልሽትን ሸፍኖ መቀጠል ያስቸግራችኋል።

ማስነሳቱ ለምን ይሠራል? በታንደም ኮምፒውተርስ ይሠራ የነበረው ጂም ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1985 ኮምፒውተሮች ለምን እንደሚቆሙ አጥንቶ ነበር። ከተመለከታቸው 132 የሶፍትዌር ብልሽቶች ውስጥ እንደገና ሲሞከር የማይለቀው አንድ ብቻ ሆኖ አገኘው። ሌላው የጊዜ መገጣጠም ነው፤ ሁለት ነገር ባንድ ቅጽበት ሲገናኝ የሚፈጠር፣ ዳግም ሲጀመር የሚጠፋ። የሚደጋገመውን ዓይነትማ ፈተናና ኮምፓይለር ቀድመው ያጠምዱታል። ታይፕና ሱፐርቫይዘር አይሻሙም የምለው ለዚህ ነው። አንዱ የሚደጋገመውን ይይዛል፣ ሌላው የማይደጋገመውን።

ዕቃ ማዘጋጀት

ኤርላንግንና ግሊምን ጫኑ። አዲስ ፕሮጀክት ፍጠሩ፤ ግሊም ኤርላንግና ግሊም ኦቲፒ የሚባሉትን ሁለት ላይብረሪዎች (ሌላ ሰው ጽፎ ያዘጋጀው ኮድ) ጨምሩ፤ የመጀመሪያው ለፕሮሰስና ለመልእክት ነው፣ ሁለተኛው ለሱፐርቫይዘር። ላይብረሪዎቹ አንዴ ከወረዱ ማሽናችሁ ላይ ይቀመጣሉ፤ ኔትወርክ ሲደክም ሥራችሁ አይቆምም። ከታች ያለውን ኮድ ሐሳቡ እንዲታይ በአማርኛ ነው የጻፍኩት። እውነተኛው ኮድ ላይ የተግባርና የታይፕ ስም በላቲን ፊደል ይሁን፤ ግሊም ሌላ አይቀበልም። በጥቅስ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ግን አማርኛ ቢሆን ችግር የለበትም።

ታይፑ የት ላይ ይለጠፍ?

የነገሩ ልብ እዚህ ነው፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ኤርላንግ ውስጥ እያንዳንዱ ፕሮሰስ መለያ አለው። መለያውን የያዘ ሁሉ የፈለገውን ይልክለታል፦ ቁጥር፣ ጽሑፍ፣ ዝርዝር። ተቀባዩ የማያውቀው ነገር ከሆነ ወይ የመልእክት ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል፣ ወይ ፕሮሰሱን ይጥለዋል።

ይሄን ለመግታት ቀድሞ የሚመጣው ሐሳብ «መለያውን ራሱን ታይፕ እንስጠው» የሚል ነው። ለእያንዳንዱ ገበያ አንድ ፕሮሰስ አለን፤ የባቲው ፕሮሰስ የገበያ መልእክት ብቻ ይቀበላል እንበል። ሞክሩት፣ ወዲያው ትጨነቃላችሁ። ይሄ ፕሮሰስ ማከማቻውን (ዋጋውን ዲስክ ላይ የሚያስቀምጠውን ፕሮሰስ) ጠይቆ የሚጠብቀው መልስ አለ። ሰዓት ቆጣሪ የሚልክለት አለ። የሚከታተለው ፕሮሰስ ሲሞት የሚደርሰው ማስታወቂያ አለ። ሁሉንም ባንድ ታይፕ ካጨቃችሁት ማንኛውም ላኪ የማይመለከተውን መልእክት የመላክ መብት አገኘ ማለት ነው። ከዚያ የባሰ አለ። ሌላ ሰው የጻፈው ላይብረሪ በእናንተ ፕሮሰስ ውስጥ ሆኖ መልስ ሊጠብቅ ቢፈልግ የእናንተን ታይፕ ማወቅ አለበት። ከየት ያውቀዋል?

ግሊም ታይፑን ከፕሮሰሱ አንስቶ አድራሻው ላይ ለጠፈው። አድራሻው ሰብጀክት ይባላል። ውስጡ ሁለት ነገር ይዟል፦ የባለቤቱን ፕሮሰስ መለያና የማይደገም ምልክት። እንደ ፖስታ ሳጥን ቁጥር አስቡት። አንድ መሥሪያ ቤት ለደንበኛ አንድ ሳጥን፣ ለጨረታ ሌላ ሳጥን ሊከራይ ይችላል። ባለቤቱ አንድ ነው፣ በየሳጥኑ የሚገባው ግን ይለያያል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስትልኩ መልእክቱ ከምልክቱ ጋር ታስሮ ይሄዳል። ተቀባዩ ከሳጥኑ የሚያወጣው ያንን ምልክት የያዘውን ብቻ ነው። በዚያ ምልክት መላክ የሚችለው አድራሻውን የያዘ ኮድ ነው፤ አድራሻው ደግሞ ታይፕ አለው፤ ስለዚህ የወጣው መልእክት ታይፑ የታወቀ ነው። ፕሮግራሙ ሲሮጥ ታይፑ የለም፤ ምልክቱ ብቻ ነው ያለው። ኤርላንግ ምልክቱን ድሮም ያውቀዋል፤ ጥያቄና መልስን ለማገናኘት ሲጠቀምበት ኖሯል። ግሊም ታይፕ አለበሰው።

አንድ ፕሮሰስ ከብዙ ሳጥን ባንዴ መጠበቅ ሲፈልግስ? ሴሌክተር የሚባል አለ። ከየአድራሻው የሚመጣውን ወደ አንድ የጋራ ታይፕ እየቀየረ ይሰበስባል። የጋራው ታይፕ የፕሮሰሱ የውስጥ ጉዳይ ነው፤ ውጭ ያለ ላኪ አያየውም።

አንድ ሕግ አትርሱ፦ ከአድራሻ መልእክት ማውጣት የሚችለው የፈጠረው ፕሮሰስ ብቻ ነው። አድራሻውን ውጭ ፈጥራችሁ ለሌላ ፕሮሰስ «ከዚህ ተቀበል» ብትሉት ይወድቃል። ይሄን ታይፑ አይይዘውም።

አክተሩን መጻፍ

አክተር ማለት የራሱን መዝገብ ይዞ መልእክት በተራ የሚያስተናግድ ፕሮሰስ ነው፤ እዚህ እያንዳንዱ ገበያ አንድ አክተር ነው። የሚቀበለው መልእክት ይህ ነው፦

ታይፕ የገበያ_መልእክት =
  | መዝግብ(ዕቃ፣ ብር)
  | ጠይቅ(ዕቃ፣ መመለሻ፦ አድራሻ(መልስ))
  | ዝጋ

ታይፕ መልስ =
  | ዋጋው(ብር፣ ሰዓት)
  | ገና_አልተመዘገበም

«ጠይቅ» ውስጥ መመለሻ አድራሻ አለ። ጠያቂው «መልስ» የሚባለውን ታይፕ ብቻ የሚቀበል አድራሻ ፈጥሮ አብሮ ይልካል። ገበያው ተሳስቶ ሌላ ነገር ልመልስ ቢል ኮምፓይለሩ አያሳልፈውም።

ተግባር አስተናግድ(መዝገብ፣ መልእክት) =
  መልእክቱ፦
    መዝግብ(ዕቃ፣ ብር) →
      ቀጥል(አስገባ(መዝገብ፣ ዕቃ፣ ብር))
    ጠይቅ(ዕቃ፣ መመለሻ) →
      ላክ(መመለሻ፣ ፈልግ(መዝገብ፣ ዕቃ))
      ቀጥል(መዝገብ)
    ዝጋ → አቁም

ነገ «ሰርዝ» የሚል አራተኛ መልእክት ብትጨምሩ፣ እዚህ ላይ እስክታስተናግዱት ድረስ ፕሮግራሙ ኮምፓይል አይሆንም። ኤርላንግ ላይ ይሄን የሚነግራችሁ ሰኞ ጠዋት የወደቀው ፕሮሰስ ነው።

አድራሻውን እንዳለ ለሁሉም አትበትኑት። ታይፑን ኦፔክ አድርጉት፤ ማለትም ውስጡን ከሞጁሉ (ከተጻፈበት የኮድ ፋይል) ውጭ ማንም አይይ። ለውጭው «ዋጋ መዝግብ» እና «ዋጋ ጠይቅ» የሚሉ ሁለት ተግባራት ብቻ ስጡ። «ዝጋ» የሱፐርቫይዘሩ ነው እንጂ የመንገደኛው አይደለም።

ጠይቆ መጠበቅ ላይ ጥንቃቄ አለ። «ኮል» የሚባለው ተግባር ይልካል፣ እስከ ወሰናችሁት ጊዜ ይጠብቃል፣ ተጠያቂውንም እየተከታተለ ነው። ተጠያቂው ከሞተ ወይም ጊዜው ካለፈ ጠያቂው አብሮ ይወድቃል። ሰው ይሄን ሲያይ ይደነግጣል፤ «ስህተት ቢመልስልኝ ምናለበት?» ይላል። ጊዜው ካለፈ በኋላ መልሱ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል፤ የሚቀበለው የለም፤ ሳጥን ውስጥ ይጠራቀማል። የጠያቂው መውደቅ ሳጥኑንም አብሮ ያጸዳዋል። በእርግጥ ኤርላንግ ከ24ኛው እትሙ (ኦቲፒ 24) ጀምሮ ኤሊያስ የሚባል ጊዜያዊ መለያ አምጥቷል፤ የዘገየ መልስ ከደጅ እንዲመለስ ያደርጋል። ያም ሆኖ ጠያቂው አጭር ዕድሜ ያለው ፕሮሰስ ከሆነ መውደቁ ርካሽ ነው። ለእያንዳንዱ ገቢ መልእክት አዲስ ፕሮሰስ አስነሱ፤ የቢም ፕሮሰስ ጥቂት ኪሎባይት ነው የሚበላው።

የውጭው ዓለም መግቢያ

ከስልክ የሚመጣ ጽሑፍ ታይፕ የለውም። ስለዚህ በሩ ላይ አንድ ተግባር ይቁም፦ ጽሑፍ ይቀበላል፣ ውጤት ይመልሳል። ከሱ በስተጀርባ ጥሬ ጽሑፍ የሚባል ነገር አይለፍ።

እኛ ጋ ይሄ ሥራ ከሌላው አገር ይከብዳል። ባቲ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ የሚናገር ሰው ይገናኛል፤ መልእክቱም በግዕዝ ፊደልም በላቲንም ይመጣል። «ሐይቅ» ብሎ የሚጽፍ አለ፣ «ሀይቅ» ብሎ የሚጽፍ አለ፤ ለኮምፒውተሩ ሁለቱ የተለያዩ ከተሞች ናቸው። ስለዚህ ከማንበባችሁ በፊት ሀ፣ ሐ፣ ኀን ወደ አንድ፣ ሰና ሠን ወደ አንድ፣ አና ዐን ወደ አንድ፣ ጸና ፀን ወደ አንድ አምጡ። «7 ሺ»፣ «7000»፣ «ሰባት ሺህ» አንድ ቁጥር ይሁኑ።

ስህተቱንም ታይፕ ስጡት። «ያልታወቀ ዕቃ» እና «ቁጥር የለም» ይለያዩ፤ መልሱም ይለያያል። ለሁለተኛው «ዋጋውን በቁጥር ይላኩልን፦ ፍየል 7000» ይባላል። መልሱ አጭር ይሁን። በግዕዝ ፊደል አንድ የስልክ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ነው፤ የላቲኑ 160 ይይዛል። ከ70 ካለፈ ከአንድ በላይ መልእክት ሆኖ ይከፋፈላል፣ ሂሳቡም በዚያው ይጨምራል።

የሱፐርቫይዘሩ ዛፍ

ዋና
  ├ ማከማቻ
  ├ የገበያዎች ኃላፊ
  │    ├ ባቲ
  │    ├ ሐይቅ
  │    └ ወልዲያ
  └ የበር ኃላፊ
       ├ ተቀባይ
       └ ላኪ

የገበያዎቹ ኃላፊ ስልት «አንዱ ሲወድቅ አንዱን ብቻ አንሳ» ነው። ባቲ ወልዲያን አያውቀውም፣ አብሮ የሚወድቅበት ምክንያት የለም። ዋናው ላይ ግን «አንዱ ሲወድቅ ከሱ በኋላ የተነሱትንም አንሳ» የሚለውን ምረጡ። ማከማቻው ከወደቀ ገበያዎቹ የያዙት ነገር ላይታመን ይችላል፤ በሩም ከነሱ በኋላ ይከፈት። የልጆቹ ቅደም ተከተል ትርጉም ያለው እዚህ ጋ ነው፤ ዝም ብላችሁ አትደርድሩ።

አሁን ታይፑን የሚፈትን ነገር መጣ። ባቲ ወድቆ ተነሳ። አዲስ ፕሮሰስ ነው፣ አዲስ ምልክት አለው። ተቀባዩ ግን አልወደቀም፤ በእጁ ያለው የድሮው አድራሻ ነው። ታይፑ ትክክል ነው፣ ኮምፓይለሩ ደስተኛ ነው፣ መልእክቱ ግን ወደ ሞተ ፕሮሰስ ይሄዳል። ቢም ላይ ለሞተ ፕሮሰስ የተላከ ነገር ያለ ድምፅ ይጠፋል። ታይፕ አድራሻው ምን እንደሚቀበል ይነግራችኋል እንጂ ባለቤቱ በሕይወት መኖሩን አይነግራችሁም።

መፍትሔው ስም ነው። ለእያንዳንዱ ገበያ ታይፕ ያለው ስም ፍጠሩ፣ አክተሩ ሲነሳ በዚያ ስም ይመዝገብ፣ ላኪው በስሙ ይላክ። ባቲ ሲነሳ ስሙ ወደ አዲሱ ይዞራል። ስሞቹን ግን ፕሮግራሙ ሲጀምር አንዴ ብቻ ፍጠሩ። ስም ቢም ውስጥ አቶም የሚባል ቋሚ መለያ ቃል ነው፤ አቶም ደግሞ አንዴ ከተፈጠረ አይጸዳም። በየመልእክቱ ስም የሚፈጥር ኮድ ቀስ ብሎ ማሽኑን ይገድለዋል። ሌላም ልዩነት አለ፦ በስሙ የተመዘገበ ፕሮሰስ በዚያች ቅጽበት ከሌለ ላኪው ራሱ ይወድቃል። ከዝምታው ይሻላል።

የማስነሳት ገደብም አለ። ሱፐርቫይዘር ልጁን ለዘላለም አያነሳም። ኤርላንግ ላይ ካልቀየራችሁት በ5 ሴኮንድ ውስጥ 1 ጊዜ፣ ኤሊክሰር (ቢም ላይ የሚሮጥ ሌላ ቋንቋ) ላይ በ5 ሴኮንድ ውስጥ 3 ጊዜ ነው የሚታገሰው። ካለፈ ራሱ ይወድቅና ጉዳዩን ለበላዩ ይተዋል። በላዩም ካልቻለ ፕሮግራሙ ይቆማል።

ኔትወርክ ሲሄድ

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ላኪው ሲነሳ ከቴሌኮሙ የመልእክት መግቢያ ጋር ይገናኛል ብላችሁ ጻፋችሁ እንበል። ኔትወርክ ሄደ። ላኪው ወደቀ፣ ተነሳ፣ መገናኘት አልቻለም፣ ወደቀ፣ ተነሳ። ገደቡ አለፈ። የበር ኃላፊው ወደቀ፣ ከዚያ ዋናው። በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ሲስተሙ በሙሉ ጠፋ፤ ያውም የተመዘገበ ዋጋ ለመመለስ ምንም ያልጎደለው ሲስተም።

የኔትወርክ መሄድ የማይጠበቅ ነገር አይደለም። ወረቀታችሁ ላይ ከሦስተኛው ቦታ ሰርዙትና በታይፕ ጻፉት፦

ታይፕ ሁኔታ =
  | ተቋርጧል(ሙከራ፣ ወረፋ)
  | ተገናኝቷል(መስመር)

አክተሩ ሲነሳ «ተቋርጧል» ሆኖ ይነሳል፣ ወዲያው ለራሱ «ተገናኝ» የሚል መልእክት ይልካል። መነሳቱ ተሳክቷል፤ ሱፐርቫይዘሩ ቀጥሏል። ሳይሳካ ሲቀር ከ1 ሴኮንድ በኋላ፣ ከዚያ ከ2፣ ከ4፣ ከ8 እያለ እስከ 60 ሴኮንድ ድረስ እየራቀ ይሞክር። ጥቂት የዘፈቀደ ጊዜ ጨምሩበት፤ መስመሩ ሲመለስ ሁሉም ባንዴ አይጉረፍ።

የታይፑን ጥቅም አስተውሉ። «መስመር» ያለው «ተገናኝቷል» ውስጥ ብቻ ነው። ሳይገናኙ መላክ የሚል ኮድ ሊጻፍ አይችልም፤ መስመሩን ከየት ያመጣዋል? በተቃራኒው ወረፋው «ተቋርጧል» ውስጥ ነው። ሲገናኝ ወረፋውን አራግፎ ያልፋል።

ወረፋው ገደብ ይኑረው። የቢም መልእክት ሳጥን ራሱ ገደብ የለውም፤ ሜሞሪ እስኪያልቅ ይቀበላል። ለዚህ ነው ከበሩ ወደ ገበያ ስታስተላልፉ ልካችሁ ብቻ አትሂዱ፣ ጠይቃችሁ መልስ ጠብቁ የምለው። በዚህ ምሳሌ «መዝግብ» ላይም መመለሻ አድራሻ ጨምሩ። ገበያው ሲዘገይ በሩም ይዘገያል፣ ጎርፉ ከውጭ ይገታል።

ከመውደቅ የሚተርፈው

ባቲ ሲወድቅ በሜሞሪ የያዘው ዋጋ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ የገበያ አክተር የያዘው ቅጂ ነው እንጂ ዋናው አይደለም። ዋናው ማከማቻው ዲስክ ላይ የጻፈው ነው፤ ለዚህ መጠን ኤስኪውላይት የሚባለው ትንሽ ዳታቤዝ ይበቃል። ገበያው ሲነሳ ከማከማቻው ያነባል።

ሲያነብም እንደ ውጭ ዓለም ይቁጠረው። ዲስክ ላይ አንድ የተበላሸ መስመር ካለና ገበያው ሲነሳ በሱ ከወደቀ፣ ሁልጊዜ ሲነሳ በሱ ይወድቃል። ማስነሳት እዚህ አይጠቅምም። የተበላሸውን መስመር ለብቻ አስቀምጡና የቀረውን አንብቡ።

ዋጋው ተጽፎ፣ ለቴሌኮሙ «ደርሶኛል» ከማለታችን በፊት ብንወድቅስ? መልእክቱ ድጋሚ ሊመጣ ይችላል። የመልእክቱን መለያ ቁጥር አብራችሁ መዝግቡ፤ ያው መለያ ሲደገም ዝም ብላችሁ እለፉ።

መብራት ሲጠፋ ሱፐርቫይዘሩም አብሮ ይጠፋል። ጆ አርምስትሮንግ በአንድ ኮምፒውተር ብልሽትን መቋቋም እንደማይቻል፣ ቢያንስ ሁለት እንደሚያስፈልግ ደጋግሞ ይናገር ነበር። አንዱ ደሴ፣ ሌላው ኮምቦልቻ ቢቀመጥ መልካም ነው። ሁለቱ ሲነጋገሩ ግን የታይፕ ዋስትናችሁ ያበቃል፤ ኮምፓይለሩ ያጣራው አንድ ፕሮግራም ነው፣ ሁለት ማሽን ላይ ያለ ሁለት እትም አይደለም። ሳይቆም እየሮጠ ኮድ መቀየርም እንዲሁ። ማሽን የሚያቋርጥ መልእክት ሁሉ በሩ ላይ ባቆማችሁት ዓይነት ተግባር ይፈተሽ።

ሆን ብሎ መግደል

ሲስተሙን አስነሱና ባቲን ግደሉት። ወልዲያ ወዲያው ይመልሳል? ባቲ ሲነሳ ዋጋው አለ? ተቀባዩ በአዲሱ አድራሻ ነው የሚልከው? ቀጥሎ ማከማቻውን ግደሉ፤ ገበያዎቹና በሩ በቅደም ተከተል መነሳታቸውን እዩ። ከዚያ ከገደቡ በላይ ደጋግማችሁ ግደሉ፤ መውደቁ እስከ የት እንደሚወጣ በዓይናችሁ እዩት። የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉና ቡና አፍሉ፤ በረካው ሲደርስ መልሳችሁ ሰኩት። ወረፋው ካልተራገፈ አንድ ነገር ረስታችኋል።

አንድ ፕሮሰስ ውስጥ ማለቂያ የሌለው ዙር አስገብታችሁም ሞክሩ። ቢም ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ ወደ 4000 የሚጠጋ የሥራ ቁራሽ ሰጥቶ ተራውን ለሌላ ይሰጣል። ያበደው ፕሮሰስ አንድ ፕሮሰሰር ኮር ያሞቃል እንጂ ሌሎቹን አያግድም፤ ግደሉት ስትሉትም ይሞታል።

ቋንቋችሁ ሌላ ከሆነ

ስካላ ወይም ጃቫ ላይ ከሆናችሁ አካ የሚባለው ላይብረሪ ተመሳሳይ ሐሳብ አለው። ታይፕ ያላቸው አክተሮችን ያቀርባል። ፈቃዱ እ.ኤ.አ. በ2022 ስለተቀየረ ብዙ ሰው ከሱ ወደ ተቀዳው አፓቼ ፔኮ ዞሯል።

ጎ ላይ ተጠንቀቁ። አንዱ ጎሩቲን (ጎን ለጎን የሚሮጥ የጎ ሥራ) ውስጥ ያልተያዘ ፓኒክ፣ ማለትም ድንገተኛ መውደቅ፣ ፕሮግራሙን በሙሉ ይገድለዋል። በየጎሩቲኑ መግቢያ መያዣ ማስቀመጥ የእናንተ ሥራ ነው። ሜሞሪውም የጋራ ስለሆነ የወደቀው ምን አበላሽቶ እንደወደቀ አታውቁም።

ራስት ላይ ቶኪዮ የሚባለው ላይብረሪ የወደቀን ታስክ (ጎን ለጎን የሚሮጥ ሥራ) ይይዝና ለጠባቂው በስህተት መልክ ያስረክባል፤ በዚያ ላይ ቀላል ሱፐርቫይዘር መሥራት ይቻላል። የመልእክት ቻናሎቹም ታይፕ አላቸው። ችግሩ ማለቂያ የሌለው ዙር ነው። ታስኩ ራሱ ተራውን ካልለቀቀ ከውጭ ሊገደል አይችልም። የማታምኑት ሥራ ካለ በተለየ የኦፕሬቲንግ ሲስተም ፕሮሰስ አስነሱት፣ ጠባቂው ሲስተምዲ የሚባለው የሊኑክስ አገልግሎት አስተዳዳሪ ይሁን።